የእህቴ ኪኒን ሰዓት፦ የዊልሰን በሽታ መድኃኒት አወሳሰድ ለጎጃም ቤተሰብ

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ደብረ ማርቆስ የምኖር አስተማሪ ነኝ። ታናሽ እህቴ የዊልሰን በሽታ እንዳለባት ከታወቀ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። በእነዚህ ዓመታት ኪኒኗን የምቆጥረው፣ ቀጠሮዋን የምይዘው፣ ከፋርማሲ ፋርማሲ የምዞረው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ማዘዣውን ገና ዛሬ ተቀብሎ መናኸሪያ ላይ ወረቀቱን እያገላበጠ ለቆመ ሰው ነው። መጠኑን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። የእኔ ድርሻ የተወሰነላችሁን መጠን በጾሙም፣ በድግሱም፣ በመንገዱም መሀል ሳታስተጓጉሉ እንዴት እንደምትውጡ መንገር ነው።

በሽታው በአጭሩ ይኼ ነው። ጉበት ከምግብ የምናገኘውን መዳብ የሚያስፈልገውን ያህል ተጠቅሞ ትርፉን በሐሞት በኩል ያስወጣል። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ፕሮቲን የሚሠራው ኤቲፒ7ቢ ከሚባለው ዘረመል ነው። ልጅ ከእናቱም ከአባቱም የተበላሸውን ዘረመል ከወረሰ መዳቡ መውጫ ያጣል፤ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ፣ ቀጥሎም አንጎልና ዓይን ውስጥ ይጠራቀማል። የእህቴ ምልክት የጀመረው ከደብተሯ ነበር። እንደ ሐረግ የሚያምር ጽሕፈቷ በአንድ ዓመት ውስጥ ዶሮ የጫረው መሰለ። ከዚያ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ምላሷ ከበደ፣ ሰፈርተኛው ደግሞ «ዓይን ነው» አለ። በሐሜቱ ውስጥ አንድ እውነት ነበረችበት፤ የዓይን ሐኪም በመሣሪያ ሲያያት በጥቁሩ ዓይኗ ጠርዝ ላይ ቡናማ ቀለበት አገኘ። የመዳብ ቀለበት።

እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም ዊልሰን በሽታውን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ያህል በሽታው ስም እንጂ መድኃኒት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1956 ጆን ዋልሽ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ሐኪም ፔኒሲላሚን መዳብን ከሰውነት ጠርጎ በሽንት እንደሚያስወጣ አሳወቀ። ዛሬ እኛ የምንቆጥረው ያንኑ መድኃኒት ነው።

አንደኛ፤ የመድኃኒቱን ስም አጣሩ

ፔኒሲላሚን እና ፔኒሲሊን አንድ አይደሉም። ፔኒሲሊን የጉሮሮ ቁስልና የሳንባ ምች የሚታከምበት ፀረ ባክቴሪያ ነው። ፔኒሲላሚን ባክቴሪያ አይገድልም፤ ሥራው መዳብ መጥረግ ነው። ስማቸው የተቀራረበው ፔኒሲላሚን መጀመሪያ ከፔኒሲሊን ስብርባሪ ስለተገኘ ነው። ይህን የምደጋግመው ደርሶብኝ ስላየሁት ነው። አንድ ጊዜ እናታችን ማዘዣውን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታ ላከችው፤ ልጁም ከአንድ ፋርማሲ የፔኒሲሊን ወገን የሆነውን አሞክሲሲሊን ይዞ መጣ። ሻጩ «ፔኒሲ…» የምትለውን አንብቦ የቀረውን በራሱ ሞልቶት ነበር። እህቴ ሦስት ቀን ውጣዋለች። እኔ የደረስኩበት በእንክብሉ ቀለም ነው።

ስለዚህ ባዶውን ዕቃ አትጣሉ። ወደ ፋርማሲ ስትሄዱ ከማዘዣው ጋር የድሮውን ብልቃጥ ወይም ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱና ስሙን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ስሙ መጨረሻ ላይ «ላሚን» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ እንክብል 250 ሚሊግራም ነው፤ ነገር ግን ሌላ መጠን ያለው ሊመጣ ስለሚችል ቁጥሩንም አንብቡ። ፔኒሲሊን ሲወጋ ወይም ሲውጥ ሰውነቱ አብጦ ወይም ሽፍታ ወጥቶበት የሚያውቅ ሰው ካለ ደግሞ ይህን ለሐኪሙ ከመጀመሪያዋ እንክብል በፊት ይንገር።

ሁለተኛ፤ ሰዓቱን በቤታችሁ ሰዓት ጻፉ

ከሁሉም የሚከብደው ይኼ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ፔኒሲላሚን የሚሠራው በባዶ ሆድ ሲወሰድ ነው። ምግብ ካገኘው ተጣብቆ ይቀራል፤ ወደ ደም የሚገባው በጣም ያንሳል። ደንቡ፦ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት፣ ወይም ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ። መጠኑ ብዙውን ጊዜ በቀን ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ይከፈላል።

ብልቃጡ ላይ «8 ኤ ኤም» ተብሎ ከተጻፈ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። በጻፉልን ወረቀት ላይ 8 ቁጥር ብቻ ነበረች፤ እናታችን ከቀኑ 8 ሰዓት መስሏት ከምሳ በኋላ እየሰጠቻት ሁለት ሳምንት አለፈ። የሰጣችሁ ሰው ሰዓቱን ሲነግራችሁ «በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ እዚያው ቆማችሁ በእስክሪብቶ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» ብላችሁ ጻፉበት።

በእኛ ቤት በቀን ሦስት ጊዜ ለሚወሰደው የምንከተለው ይህን ነው፦

ጠዋት 12 ሰዓት፦ አንደኛው፣ በውኃ። ቁርስ ከ1 ሰዓት በኋላ።
ቀን 6 ሰዓት ተኩል፦ ምሳ።
ከሰዓት 9 ሰዓት ተኩል፦ ሁለተኛው። ቡናው ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ።
ማታ 1 ሰዓት፦ እራት።
ማታ 3 ሰዓት ተኩል፦ ሦስተኛው፣ ከዚያ መኝታ።

ቡናው ለምን ገባ? የቡና ቁርስ ምግብ ስለሆነ። ጎጃም ውስጥ ማንም ሰው «በልተሻል?» ሲባል ቆሎውንና ዳቦውን አይቆጥርም። እህቴም አትቆጥርም ነበር፤ «ምን በላሁ፣ አንድ እፍኝ ሽምብራ ነው እኮ!» ትላለች። እፍኟ ሽምብራ፣ ቁራሽ ዳቦው፣ ወተት የገባበት ሻይ፣ ሁሉም ምግብ ነው። ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ስትጠራ ኪኒኗን ሳትወስድ ከወጣች ያ ቀን ተበላሸ ማለት ነው። እኛ ያገኘነው መላ የ9 ሰዓት ተኩሉን እንክብል በትንሽ ዕቃ አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እንድትሄድ ነው። ጎረቤቶቻችን አሁን ለምደውታል፤ ቡናው ሲፈላ «እታለም፣ ኪኒንሽን ወሰድሽ?» ብለው ይጠይቋታል።

አንዱን ሰዓት ብትረሱ፣ ሆድ ባዶ ከሆነና የሚቀጥለው ሩቅ ከሆነ ያኔውኑ ውሰዱ። የሚቀጥለው ከደረሰ ያለፈው አለፈ፤ ሁለት አድርጋችሁ አትዋጡ። የደም ማነስ ኪኒን፣ የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ ወይም ማዕድን የተቀላቀለበት ቫይታሚን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከፔኒሲላሚኑ ቢያንስ 2 ሰዓት ያራርቀው፤ ብረቱና ማዕድኑ መድኃኒቱን ይይዙታል።

ከፔኒሲላሚን ጋር አብዛኛውን ጊዜ ቫይታሚን ቢ6 ይታዘዛል፤ ፔኒሲላሚን ይህን ቫይታሚን ሥራ ስለሚያስፈታ ነው። ትንሽና ርካሽ ኪኒን ስለሆነች ሰው ይንቃታል። አትናቋት።

ሦስተኛ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በንቃት ጠብቁ

ሐኪሙ በትንሽ ጀምሮ በየጥቂት ቀኑ ይጨምራል፤ አዋቂ ብዙውን ጊዜ በቀን 250 ወይም 500 ሚሊግራም ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ 1000 ወይም 1500 ይደርሳል። «ቶሎ ይሻለኝ» ብሎ መጠኑን በራስ መጨመር እዚህ በሽታ ላይ ተቃራኒ ውጤት አለው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ንግግሩ የተያዘ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ሲጀምር ምልክቱ ሊብስበት ይችላል። የእህቴ እጅ በሁለተኛው ወር ማንኪያ መያዝ አቃተው። እናታችን መድኃኒቱን ወስዳ ደበቀችው፤ እውነቷን ነው፣ ዓይኗ እያየ ልጇ ስትብስ ምን ታድርግ? እንዲህ ሲሆን ደብቆ ማቆም ሳይሆን በቶሎ ሐኪም ዘንድ መመለስ ነው። እሱ መጠኑን ሊቀንስ ወይም መድኃኒቱን ሊለውጥ ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ የአንገት ዕጢ ማበጥ ከመጣ ሳትቆዩ ሂዱ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚነገር ነገር አይደለም። በማንኛውም ጊዜ ደግሞ ፊትና እግር ካበጠ፣ ሽንት አረፋ ከበዛበት፣ ያለ ምክንያት ሰውነት ከበለዘ ወይም ድድ ከደማ፣ የጉሮሮ ቁስል ከትኩሳት ጋር ከጠና፣ መድኃኒቱ ኩላሊትን ወይም የደም ሕዋሳትን ነክቶ ሊሆን ይችላል። የምግብ ጣዕም መጥፋትም ይኖራል። እህቴ ለተወሰኑ ሳምንታት ወጥ ውስጥ ጨው እየጨመረች ቤቱን ሁሉ አስጠምታን ነበር፤ እሱ ግን አለፈላት።

አራተኛ፤ ዚንክ የታዘዘለት ሰው

ዚንክ መዳቡን አይጠርግም፤ አንጀት መዳብን ከምግብ እንዳይቀበል በር ይዘጋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምልክት ላልጀመረው ወይም በፔኒሲላሚን ለተረጋጋ ሰው ነው። የአዋቂ መጠን አብዛኛውን ጊዜ በቀን 150 ሚሊግራም ንጹሕ ዚንክ ነው፣ ለሦስት ተከፍሎ፤ ሕፃናት ከዚህ ያነሰ ይወስዳሉ።

«ንጹሕ ዚንክ» የምትለዋን ልብ በሉ። 220 ሚሊግራም ዚንክ ሰልፌት ውስጥ ያለው ንጹሕ ዚንክ 50 ሚሊግራም ብቻ ነው። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው የትኛው እንደሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። በየጤና ጣቢያው ለሕፃናት ተቅማጥ የሚሰጠው በውኃ የሚሟሟ ዚንክ 20 ሚሊግራም ነው፤ መድኃኒቱ ሲጠፋ «ያው ዚንክ ነው» ተብሎ በግምት የሚተካ አይደለም። ስንት ፍሬ ለስንት ጊዜ እንደሚሆን የሚያሰላው ሐኪሙ ነው።

ዚንክም ከምግብ ተራርቆ ይወሰዳል፤ ነገር ግን ሆድ ያቃጥላል፣ ያቅለሸልሻል፤ በተለይ የጠዋቱ። ላልቻለው ሰው የጠዋቱን ከቁርስና ከምሳ መሀል አድርጎ በትንሽ ሥጋ ወይም እንቁላል መውሰድ ይፈቀድለታል፤ እንጀራና ቆሎ ግን ዚንኩን ይይዙታል። ሁለቱም መድኃኒት ለታዘዘለት ሰው ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ መዋጥ ብሩን ወስዶ ዓባይ መጣል ነው፤ ፔኒሲላሚኑ መዳቡን ትቶ ዚንኩን ይይዛል። በመካከላቸው ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይሁን።

አምስተኛ፤ ማዕዱ

ምግብ ብቻውን ይህን በሽታ አያድንም፤ መድኃኒት የሚውጥ ሰውም መራብ የለበትም። መጠንቀቁ በተለይ ለመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ዋናዎቹም ጥቂት ናቸው።

አንደኛው ጉበት ነው። ጤናማ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው መዳብ 0.9 ሚሊግራም ሲሆን 100 ግራም የበሬ ጉበት ወደ 10 ሚሊግራም ይይዛል። ይህ ማለት ዱለት ማለት ነው። የፋሲካ ማለዳ በግ ታርዶ ዱለቱ ሲቀርብ፣ ከ55 ቀን ጾም በኋላ፣ «አትብዪ» ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እኛ ቤት ለእሷ ጉበቱ ሳይገባ ከሥጋው ብቻ ለብቻ ይከተፍላታል። መጀመሪያ ላይ ታኮርፍ ነበር፤ አሁን ራሷ ነች የምትከትፈው።

ከዚያ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ቸኮሌት፣ በክረምት ከሜዳ የሚለቀመው እንጉዳይ። ሽሮና ምስር መጠነኛ መዳብ አላቸው፤ ሐኪማችን አልከለከላትም። ጤፍም እንደዚያው፤ እንጀራ የሚከለክል ሰው ካጋጠማችሁ ሐኪማችሁን ደግማችሁ ጠይቁ። በመዳብ ወይም በነሐስ ዕቃ ምግብ አታብስሉ፣ ውኃም አታሳድሩበት።

አረቄ፣ ጠላ፣ ጠጅ፦ ጉበቱ የተጎዳ ሰው አልኮል አይጠጣም። ሠርግ ላይ «አንድ መለኪያ ምን ያደርጋል» የሚል አጎት አይጠፋም። ብርዝ ወይም ቡቅሪ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ እጅ ላይ ዕቃ ካለ የሚቀዳ ሰው ይቀንሳል። ስሩ ተቀቅሎ፣ ቅጠሉ ተወቅጦ የሚጠጣ መድኃኒትም ለተጎዳ ጉበት ዕዳ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ሳይነገር አይቀመስ።

ስድስተኛ፤ ጾምና ጠበል

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መውደቁ ደግሞ ከእምነት ማነስ አይደለም፤ ስለማይጠይቅ ነው።

እንክብል በውኃ ነው የሚዋጠው፤ ለሚጾም ሰው ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ውኃም የለም። እህቴ በመጀመሪያው ዐቢይ ጾም የጠዋቱን እንክብል ለእኛ ሳትነግረን ትታው ነበር። በኋላ እናታችን ይዛት ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደች። አባ የጠየቋት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ሐኪሙ ምን አለ?» አሉ። «ሳላቋርጥ ዕድሜ ልኬን ነው ያለኝ» ስትል ውሰጂው አሏት፤ ጾሙንም እንዴት እንደምትይዘው ለእሷ እንደሚሆን አድርገው ቀኖና ሰጧት። የእናንተ ንስሐ አባት የሚሉት ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጠይቁ፣ ጾሙም ከመግባቱ በፊት ጠይቁ። ስትጠይቁ «ኪኒን እወስዳለሁ» ብቻ አትበሉ። በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል፣ ለመቁረብ የምትዘጋጁ ከሆነም ያንን ጨምራችሁ ንገሯቸው። ስለ መቁረቡ ቀን ሐኪሙም አስቀድሞ ይወቅ።

አንድ ምሥራች አለ፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ሆዱ ባዶ ነው። ውኃ ከተፈቀደለት የፔኒሲላሚን ሰዓት በጾም ቀን ከፍስክ ቀን ይልቅ ይመቻል። እኛ በዐቢይ ጾም የጠዋቱን ባለበት ትተን ሁለተኛውን ወደ ቀኑ 7 ሰዓት እናመጣዋለን።

ጠበል ሲሆን፣ ለሁለትና ሦስት ሱባዔ ገዳም የሚገባ ሰው የሚቆይባቸውን ቀናት ሁሉ እንክብል ቆጥሮ ይዞ ይሂድ። አንዳንድ ቦታ «መድኃኒት ይዞ ጠበል አይጠመቁም» የሚል አስተናጋጅ ይገጥማችኋል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት ለሚወስዱ ምእመናን ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረው ነበር። እኛም ይህንን ጠቅሰን ነው እህታችንን ያስጠመቅናት። ጠዋት 12 ሰዓት እንክብሏን በጠበሉ ትውጠዋለች፤ ጠበሉም ውኃ ነው፣ ሆዷም ባዶ ነው።

ሰባተኛ፤ ቆጠራው

በቀን 4 እንክብል የሚወስድ ሰው በዓመት 1,460 እንክብል ይፈልጋል። 100 የሚይዘው ብልቃጥ 25 ቀን ይዘልቅለታል፤ ወር አይሞላም። «አንድ ብልቃጥ ለአንድ ወር» የሚለው የብዙ ሰው ስሌት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ጳጉሜን ነው። የሐኪም ማዘዣ የ30 ቀን ነው፤ የእኛም ወር 30 ቀን ነውና ዓመቱን ሙሉ ሲገጥም ይኖራል። ጳጉሜን ግን አምስት ወይም ስድስት ቀን ይዛ ትመጣለች። ነሐሴ ላይ ለ30 ቀን የገዛ ሰው እንቁጣጣሽን ያለ መድኃኒት ይቀበላል። እኔ ራሴ በሁለተኛው ዓመት ተሸውጄባታለሁ።

በብልቃጡ ላይ ያለው የማብቂያ ቀንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «08/2027» ቢል ነሐሴ 2019 ገደማ ማለት ነው እንጂ በእኛ አቆጣጠር እስከ 2027 የሚቆይ መድኃኒት አይደለም።

ማዘዝ ያለባችሁ እጃችሁ ላይ የ30 ቀን ሲቀር ነው፤ የ5 ቀን ሲቀር አይደለም። ይህ መድኃኒት በየከተማው መደርደሪያ ላይ የሚገኝ አይደለም። እኛ ባሕር ዳር እንጠይቃለን፣ ካልተገኘ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ማዘዣውን ፎቶ አንስተን በቴሌግራም እንልካለን፤ ዘመዱ ደግሞ የሚያምነው ሾፌር ይፈልጋል። መንገድ በተዘጋ ጊዜ፣ ኔትወርክም አብሮ በጠፋ ጊዜ፣ ያተረፈን ቀድሞ የተቀመጠው የሁለት ወር መጠባበቂያ ነው። ይህን መጠባበቂያ በአንድ ጊዜ መግዛት ለብዙ ቤት ከባድ ነው፤ በየወሩ ከምትውጡት በላይ ጥቂት ፍሬ እየጨመራችሁ ብትገዙ በዓመቱ ይሞላል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ከሆናችሁ ካርዱን ይዛችሁ መድኃኒቱ ይሸፈን እንደሆነ ጠይቁ፤ በተቋሙ ከሌለ ከውጭ የገዛችሁበት ደረሰኝ ያገለግል እንደሆነም እንዲሁ።

መጠባበቂያው የሚቀመጠው ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ክዳኑ ተከድኖ ነው። ምድጃ አጠገብ ያለው መደርደሪያ አይሆንም፣ የክረምት እርጥበት የሚያወርደው ግድግዳም አይሆንም። እኛ ብልቃጦቹን በቆርቆሮ ሣጥን አድርገን ከቁምሳጥኑ ላይ እናስቀምጣለን፤ ሕፃናት አይደርሱበትም።

አሁን ዋናው። ፔኒሲላሚን ለጥቂት ቀናት እንኳ ከተቋረጠ በኋላ በሙሉ መጠን ተመልሶ ሲጀመር ሰውነት ሊቆጣ ይችላል፤ ትኩሳትና ሽፍታ ይመጣል። ስለዚህ ካለቀባችሁና ከቀናት በኋላ ካገኛችሁ በነበረበት አትቀጥሉ። ሐኪሙን አግኙት፣ በስልክም ቢሆን፤ አብዛኛውን ጊዜ ከትንሽ ያስጀምራል።

ስምንተኛ፤ ምርመራው፣ በተለይ የሽንቱ

የደምና የሽንት ምርመራ መጀመሪያ አካባቢ ቶሎ ቶሎ ነው፤ ሲረጋጋ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሆናል። የደም ሕዋስ ቁጥር፣ የጉበት ምርመራ፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን። ይህን የዞኑ ሆስፒታልም ይሠራዋል። የመዳብ ልኬት ግን ሩቅ ነው፤ እሱንም የሚያበላሸው አሰባሰቡ ነው።

የ24 ሰዓት ሽንት እንዲህ ይሰበሰባል። በተባለው ቀን ጠዋት ስትነሡ የመጀመሪያውን ሽንት ድፉት፤ ሰዓቱን ጻፉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ፣ የሌሊቱንም፣ አንዲት ጠብታ ሳትቀር ላብራቶሪው በሰጣችሁ የፕላስቲክ ዕቃ አጠራቅሙ። በማግስቱ ጠዋት በዚያው ሰዓት የመጀመሪያውን ጨምሩበትና ዝጉ። የዘይት ጄሪካን አጥቦ መጠቀም አይሆንም፤ የብረት ዕቃም አይሆንም፣ ከዕቃው የሚወጣ ማዕድን ውጤቱን ያሳስተዋል። ያን ቀን ገበያ ወይም ለቅሶ አትሂዱ። ኪኒኑን እየዋጣችሁ ይሁን ወይስ አቁማችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ውጤቱ በሁለቱ ሁኔታ የተለያየ ትርጉም አለው። ፔኒሲላሚን እየወሰደ የተረጋጋ ሰው በቀን ከ200 እስከ 500 ማይክሮግራም መዳብ በሽንቱ ያወጣል። በጣም ካነሰ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኪኒንሽን በትክክል ትወስጃለሽ?» ብሎ ነው። አትዋሹ፤ ሽንቱ ቀድሞ ተናግሯል።

ለሌላ ሕመም ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም ፔኒሲላሚን እንደምትወስዱ ንገሩ። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው መጠኑ ለጊዜው ይቀነስለታል፣ ቁስል መዳንን ስለሚያዘገይ። ያረገዘች ሴት ደግሞ ለልጄ ብላ ራሷ አታቁም፤ ማቆሙ ለእሷም ለጽንሱም ያሰጋል፤ መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪሟ ነው። ጡት ማጥባትንም ከመውለዷ በፊት ትጠይቀው። የነፍሰ ጡር የብረት ኪኒኗን ሰዓት ማራራቁም እንዳይረሳ።

ዘጠነኛ፤ ደህና የሆናችሁ ዕለት

እጁ መንቀጥቀጡ ሲቆም፣ ዓይኑ ቢጫነቱ ሲጠፋ፣ ሰው «ድኛለሁ» ይላል። እህቴ በአራተኛው ዓመት ብላዋለች። ኮሌጅ ገብታ፣ ከጓደኞቿ ጋር በአንድ ክፍል እያደረች፣ «የምን ኪኒን ነው?» መባሉ ሰልችቷት ለሁለት ወር ያህል ተወችው። ምንም አልተሰማትም፤ የዚህ በሽታ ተንኮሉም ይኸው ነው፣ መዳቡ ድምፅ ሳያሰማ ይጠራቀማል። ፔኒሲላሚን ያቋረጡ ሕሙማን በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጉበታቸው በድንገት ሥራ አቁሞ የሞቱ አሉ። እሷ በቀጠሮዋ ቀን በደም ምርመራ ተያዘች። ከትንሽ መጠን እንደገና ጀመረች።

ወጣት ላለበት ቤት የምመክረው ክርክሩን ትታችሁ ኑሮውን እንድታቀሉለት ነው። የሳምንቱን እንክብል በየቀኑ የተከፈለ ዕቃ ውስጥ አድርጉ። ስልኩ ላይ ማስጠንቀቂያ ሙሉ፤ ስሙ «ኪኒን» መባል የለበትም፣ የእህቴ «ስልክ ደውይ» ይላል። ከመኝታ ጓደኞች አንዲቱ ብቻ ነገሩን ትወቅ።

አሥረኛ፤ ወንድምና እህት

እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሰዎች ነን፤ ታዲያ ከየት መጣ? በዓለም ላይ ከ90 ሰው አንዱ ገደማ የተበላሸውን ዘረመል አንድ ቅጂ ይዞ ይዞራል፤ አይታመምም፣ አያውቅም። ሁለት እንደዚህ ያሉ ሰዎች ሲጋቡ እያንዳንዱ ልጃቸው የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ማንም የበደለ የለም፤ የእናቴን ለቅሶ ያስቆመው ይህ ሒሳብ ነው።

ስለዚህ አንድ ልጅ ሲገኝበት የቀሩት ልጆች ሁሉ፣ ምንም ሕመም ባይኖራቸውም፣ ይመርመሩ፦ የጉበት ምርመራ፣ በደም ውስጥ ሴሩሎፕላዝሚን (መዳብን የሚሸከም ፕሮቲን)፣ የ24 ሰዓት ሽንት መዳብ፣ የዓይን ምርመራ። እኛ አራት ነን። እኔ የለብኝም። የመጨረሻው ወንድማችን፣ በ11 ዓመቱ፣ ኳስ ሲሮጥ የሚውለው፣ ተገኘበት። ዚንክ ነው የሚወስደው። የቀኑን ትምህርት ቤት ይዞት ይሄድና በዕረፍት ሰዓት ይውጠዋል፤ መምህሩ ያውቃል፣ ደብዳቤ ጽፈን ሰጥተነዋል። «ሳልታመም ለምን እውጣለሁ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የእህታችንን የድሮ ደብተር አውጥቼ ሁለቱን ገጽ አሳየሁት፤ በፊት የጻፈችውንና በኋላ የጻፈችውን። ደብተሩ አሁን እሱ ዘንድ ነው።